ኦሌግ ግራባር በአባቱ ቤት

የእስላማዊ ሥነ ጥበብ ታሪክን ለሚያጠና ሰው የኦሌግ ግራባር ስም እንግዳ አይደለም። በ1980 በሃርቫርድ የአጋ ኻን የእስላማዊ ሥነ ጥበብ ፕሮፌሰርነት ሲቋቋም ወንበሩን መጀመሪያ የያዘው እሱ ነበር (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እኔን ግን ከወንበሩ ይበልጥ የሚስበኝ አስተዳደጉ ነው። ስለ ኸሊፋዎች ግንብ ሲጽፍ የኖረው ሰው ያደገው አገራቸውን ባጡ ሩሲያውያን መካከል፣ የቢዛንታይን ሥዕል የዕለት ወሬ በሆነበት ቤት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቱ ነው። አንድሬ ግራባር በ1896 ኪየቭ ተወለዱ። የሥነ ጥበብ ታሪክ ትምህርታቸውን እዚያው ጀምረው በፔትሮግራድ ቀጠሉ፤ አብዮቱ ፈንድቶ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲከተል ኦዴሳ ደረሱ። በ1920 መጀመሪያ አገራቸውን ለቀው ቡልጋሪያ ገቡ። ስንቱ የተማረ ስደተኛ በፋብሪካና በታክሲ ሹፌርነት ሲተዳደር፣ እሳቸውን ዕድል ቀናቸውና የሶፊያ ሙዚየም ቀጠራቸው። ሥራቸው በየገጠሩ እየዞሩ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናትንና የግድግዳ ሥዕሎቻቸውን መመዝገብ ነበር። የሙያው አንጋፋ ኒቆዲም ኮንዳኮቭም ያን ሰሞን ከኦዴሳ ተሰደው በሶፊያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። በኋላ ፕራግ ሄደው በ1925 ሲያርፉ ተማሪዎቻቸው በስማቸው የጥናት ጉባኤ አቋቁመው ሥራውን ገፉበት። ከሥሩ የተነቀለ ትምህርት በስደት አገር እንዲህ ሲጸድቅ ማየት ያስደንቃል።

ለእነዚህ ሰዎች ቢዛንታይን የሩቅ ዘመን ታሪክ ብቻ አልነበረችም። የቤተ ክርስቲያናቸው ሥዕልም ሥርዓትም ከእሷ የወረደ ነው፤ ሊመለሱበት ከማይችሉት አገር ጋር ያገናኘቻቸው እሷ ነበረች።

አንድሬ በ1922 ወደ ፈረንሳይ ተሻግረው በስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሩሲያኛ ማስተማር ጀመሩ። ያገቡት ቡልጋሪያዊት ነው። ኦሌግ በኖቬምበር 1929 እዚያው ስትራስቡርግ ተወለደ። ከተማዋ ያን ጊዜ ከጀርመን ወደ ፈረንሳይ ከተመለሰች ገና ዐሥር ዓመት ገደማ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ሁለት መምህራን፣ ማርክ ብሎክና ሉሲየን ፌቭር፣ የታሪክ አጻጻፍን የለወጠውን አናል የተባለ መጽሔት የጀመሩትም በዚያው ዓመት ነው።

ልጁ ስድስት ሰባት ዓመት ሲሆነው፣ በ1936፣ አባቱ ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል በቢዛንታይን ጥበብ የጻፉት ትልቅ መጽሐፍ ወጣ። ንጉሡ በዙፋኑ ሲቀመጥ፣ ድል የተመቱት ሕዝቦች እጅ መንሻ ይዘው ሲቀርቡ እንዴት ይሣላል? የክርስቶስስ ሥዕል ከዚህ የቤተ መንግሥት ልማድ ምን ወረሰ? መጽሐፉ የሚመረምረው ይህን ነው።

በ1937 ቤተሰቡ ፓሪስ ገባ። ፓሪስ የሩሲያ ስደት መናገሻ ነበረች፤ ሩ ዳሩ በሚባለው ጎዳና የሩሲያ ካቴድራል፣ ከ1925 ጀምሮም የቅዱስ ሰርጊየስ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ነበራት። ብዙው ስደተኛ ዜግነት ስለሌለው የሚንቀሳቀሰው የናንሰን ፓስፖርት በሚባለው ወረቀት ነበር። ጀርመኖች በጁን 1940 ከተማዋን ሲይዙ ኦሌግ የዐሥር ዓመት ልጅ ነው። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ሄዶ ከሃርቫርድ በ1950 ተመረቀ፤ በ1955 በፕሪንስተን ዶክትሬቱን አገኘ።

የመረጠው መስክ የአባቱ አልነበረም፤ ጥያቄው ግን ከዚያው ቤት የወጣ ይመስለኛል። በ1954 ካሳተማቸው ቀደምት ጥናቶቹ አንዱ በዮርዳኖስ በረሃ ባለች ቁሰይር ዐምራ በምትባል የኡመያ ኸሊፋዎች ዘመን መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ ስለተሣሉ ስድስት ነገሥታት ነው። የአራቱ ማንነት በዓረብኛና በግሪክኛ ከተጻፈው ይታወቃል፤ የሮሙ ቄሣር፣ የእስፓኙ ሮድሪክ፣ የፋርሱ ኪስራና የሐበሻው ነጃሺ። እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ከእሱ በፊት የነበሩ ምሁራን እስልምና ድል ያደረጋቸው ጠላቶች ናቸው ብለው ነበር። ወጣቱ ግራባር ግን የነገሥታት ቤተሰብ ናቸው አለ፤ አዲሱ የኡመያ ልዑል ራሱን የቄሣርም የኪስራም ወራሽ፣ የእነሱ ወገን አድርጎ ማሣሉ ነው ሲል ተከራከረ። ነጃሺም በዚህ ንባብ ከድል ምርኮ ወጥቶ ከዓለም ነገሥታት ቤተሰብ ተቈጠረ።