ጥንታዊ ደን ገዝቶ ስለ መጠበቅ

በእንግሊዝ አገር ጥንታዊ ደን የሚባለው፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቢያንስ ከ1600 ዓ.ም. ጀምሮ ሳይቋረጥ በዛፍ ተሸፍኖ የኖረ ቦታ ነው። እንዲህ ያለውን ትንሽ ደን ግለሰብም ሊገዛው ይችላል፤ ነገር ግን እንደ መጋዘን ዕቃ በፈለገ ጊዜ አውጥቶ የሚሸጠው አይደለም። ትልልቅ ዛፎችን ለመቁረጥ፥ ከጥቂቱ በቀር፥ የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ አስቀድሞ፥ ከወሰኑና ከመግቢያው መንገድ ጋር ይህንንም መመርመር ይገባዋል።

አጠባበቁ የቆየ ብልሃት አለው። ሄዝል የሚባለው ዛፍ ከመሬት አጠገብ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ደኑ ተከፋፍሎ በየ7 እስከ 10 ዓመት በየተራ ቢቆረጥ ለአጥር የሚሆን እንጨት ሳያቋርጥ ይሰጣል። ለጋው ቡቃያ ግን ከአጋዘን መጠበቅ አለበት።

ዛፍ ዳግመኛ ይተከላል፤ ለዘመናት ሳይታረስ የኖረ አፈር ግን አንድ ጊዜ ከተበላሸ በገንዘብ አይመለስም።