ግማሽ ቀን በጣና፦ ጀልባው፣ የእግር መንገዱ፣ የማይዋኝበት ውሃ

በካፋ የጨና ወረዳ ከተማ የሆነችው ዋጫ ውሃ አላጣችም፤ ያጣችው ጀልባ ነው። የጨና ወረዳ ሰው የዓመቱን አብዛኛውን ወራት ዝናብ ሲወርድበት ያሳልፋል፤ ምንጩም ወንዙም ደጁ ነው። በሞተር ጀልባ ተነሥቶ ደሴት ላይ ወርዶ፣ ተዘዋውሮ ለምሳ የሚመለስበት ሐይቅ ግን አጠገቡ የለም። ጎጀብ እየተምዘገዘገ ከኦሞ ጋር ይቀላቀላል እንጂ ጀልባ አያስተናግድም፤ ውሃው የሚረጋው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ካቆመው በኋላ ነው። በዚያ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዳር፣ ዳውሮ ውስጥ፣ የሀላላ ኬላ ሪዞርት ተሠርቷል። ለደቡብ ምዕራብ ሰው የሐይቅ ሽርሽር የሚቀርበው በዚያ በኩል ነው።

የግማሽ ቀን የጀልባ ጉዞ ሲባል አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ግን የጣናውን ነው። ከጅማ በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚገባ የካፋ መንገደኛ ምን እንደሚገጥመው አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ በተለይ የባሕር ዳርቻ አገሮችን ማስታወቂያ አይቶ የዋና ልብስ በሻንጣው ካስገባ። በእነዚያ አገሮች ጉዞው አንድ ዓይነት መልክ አለው፦ ጠዋት ጀልባ፣ ቀጥሎ ደሴት ላይ የእግር ጉዞ፣ ከዚያ ዋና፣ መጨረሻ ላይ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ አጥልቆ ፊትን ውሃ ውስጥ ነክሮ ዓሣ ማየት። ይህን የመጨረሻውን ስኖርክሊንግ ይሉታል። ለኢትዮጵያዊ በጣም የሚቀርበው የዚህ ዓይነት ጉዞ ከጅቡቲ ከተማ ወደ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች የሚደረገው ነው። ኤርትራ ሳትለይ በፊት ደግሞ ምጽዋ ነበረ፣ ከምጽዋ ፊት ለፊት የዳህላክ ደሴቶች።

ጣና ከዚህ ሁሉ ጀልባውንና የእግር ጉዞውን ይሰጣል። ዋናውን ይነፍጋል፤ መነጽሩ ከነጭራሹ ፋይዳ የለውም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ፤ ዋናው ታሪክ ያለው እዚያው ነውና።

የባሕር ዳር ጀልባዎች አብዛኞቹ ከኋላቸው ሞተር የተገጠመላቸው፣ ከላይ ጥላ ያላቸው፣ ከጥቂት ሰው እስከ ሃያ ግድም የሚይዙ ናቸው። ባለቤቶቹ በማኅበር የተደራጁ ናቸው፤ ኪራዩ በጀልባ እንጂ በሰው ራስ ስለማይታሰብ ብቻውን የመጣ መንገደኛ ከሌሎች ጋር ቢቀናጅ ይቀለዋል። የሕዝብ ማመላለሻ ጀልባም ወደ ዘጌ ይሄዳል፤ እሱ ርካሽ ነው፣ ቀጠሮው ግን የመንገደኛው አይደለም። ከሁሉ በላይ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ የተነሣ ሰው ሐይቁን የተኛ ሆኖ ያገኘዋል፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሣል። ጣና 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመትና 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ኖሮት ጥልቀቱ ግን በጣም ጠለቀ ቢባል 14 ወይም 15 ሜትር ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲመታው ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ትንሿን ጀልባ እንደ ወንፊት ያንገጫግጫታል። ባለጀልባው “ቶሎ እንመለስ” ሲል ስንፍና እንዳይመስላችሁ።

ሐይቁ ላይ 37 ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል፤ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ቤተ ክርስቲያን ወይም ገዳም አለ። ሁሉም ግን ለግማሽ ቀን አይሆኑም። ዳጋ እስጢፋኖስ፣ የአፄ ይኩኖ አምላክ፣ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብና የአፄ ፋሲለደስ አፅም አርፎበታል የሚባለው፣ እቴጌ ምንትዋብ ካሠሩት ናርጋ ሥላሴ ጋር ሐይቁ መሀል ነው፤ ለነዚያ ሙሉ ቀን መያዝ ያስፈልጋል። በግማሽ ቀን የሚደረሰው ለባሕር ዳር ከሚቀርቡት ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ እስከ ዘጌ ድረስ ያለው ነው። እዚህ ላይ ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ ክብራን ሴት አይገባበትም። ወንዶቹ ሲወጡ ሚስትና ሴት ልጅ ጀልባው ላይ ይቀመጣሉ። አጠገቡ ያለው እንጦስ የመነኮሳይያት ነው፣ ሴቶች ይገቡበታል፤ የዘጌዎቹም አብያተ ክርስቲያናት እንዲሁ። በእኔ አስተያየት ጊዜው አጭር ከሆነ ክብራንን ትቶ ቀጥታ ዘጌ መግባት ይሻላል።

ዘጌ ደሴት አይደለም፤ ወደ ሐይቁ የገባ ልሳነ ምድር ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከጀልባ ማቆሚያው ተነሥቶ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው የእግር መንገድ ዳገቱ ቀላል ነው። የካፋ ሰው እዚያ ሲደርስ ቤቱ የገባ ይመስለዋል፤ መንገዱ የሚያልፈው በቡና ጫካ ውስጥ ነው። ከላይ ትልልቅ ጥላ ዛፎች፣ ከሥራቸው ቡና፣ መሀል ለመሀል ጦጣ። ጎጃም ዳር፣ እርሻው ሜዳውን ሁሉ በያዘበት አካባቢ፣ እንዲህ ያለ ጫካ እንዴት ተረፈ የሚለው ጥያቄ መልስ አለው።

የአካባቢው ትውፊት እንደሚለው አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ። ከዚያም ሕግ ወጣ፦ በዘጌ መሬት አይታረስም፣ ከብትም አይረባም። በሬና ሞፈር ያልገባበት መሬት ጫካ ሆኖ ቀረ፤ ሰዉም ጤፉን ከውጭ ገዝቶ ቡናና ጌሾ እየሸጠ ኖረ። ትውፊቱን የማያምን ሰው እንኳ ሥራውን ማየት ይችላል፤ ከጀልባው ላይ ሆኖ ዘጌን ከዙሪያዋ የታረሰ ዳርቻ ጋር ማነጻጸር በቂ ነው። በእኛ በኩል የቡናው ጫካ ሰው ሳይተክለው የበቀለ ነው። ዩኔስኮ የካፋን ደን በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌርነት ሲመዘግብ አንዱ ምክንያት ይኸው የዱር ቡና ነበር። ጣናም በ2007 ዓ.ም. በዚያው መዝገብ ገብቷል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ማዕረግ ቢኖራቸውም አመጣጣቸው ለየቅል ነው፦ ካፋ ላይ ጫካው ቡናውን አበቀለ፣ ዘጌ ላይ ቡናው ጫካውን አተረፈ።

ኡራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከውጭ ሲያዩት ትልቅ የገጠር ቤት ይመስላል፤ ውስጡ ሲገቡ ግን መቅደሱን የከበበው ባለአራት ማዕዘን ግድግዳ ከታች እስከ ላይ በሥዕል ተሞልቷል። ሥዕሉ በቀጥታ ግድግዳው ላይ አልተሣለም፤ ጨርቅ ተለጥፎ ጨርቁ ላይ ነው የተሣለው። ሁሉም የአንድ ዘመን ሥራ አይደለም፤ ገዳሙ የተመሠረተው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው ቢባልም ሥዕሎቹ በኋላ በየጊዜው የተጨመሩ ናቸው። ማንበብ የማይችል ምእመን መጽሐፉን የሚያነበው በዚህ ግድግዳ ስለነበረ ታሪኩ ሁሉ ዓይን የሚስብ ነው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከአንበሶቻቸውና ከነብሮቻቸው ጋር አሉ። 78 ሰው በልቶ ለአንድ ጥም ያደረበት ምስኪን እፍኝ ውሃ በእመቤታችን ስም በማጠጣቱ የዳነው በላዔ ሰብእም አለ። ሊቃውንቱ ሲያስረዱ መቸኮል አያስፈልግም፤ ጊዜ ለማትረፍ ከሌላ ቦታ መቀነስ ይሻላል። የመግቢያው ክፍያ ለጀልባው ከሚከፈለው የተለየ ነው፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ለየብቻ ይጠየቃል፤ ደረሰኝ መቀበል አይዘንጋ። ነጠላ መያዝ ግድ ነው፣ ጫማ በር ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ ውሃው። የባሕር ዳር ልጆች ጣና ላይ ይዋኛሉ፤ ከልክሎ ያቆማቸው የለም። እንግዳው ግን እነሱን አይቶ ባይገባ ይሻላል። የመጀመሪያው ምክንያት ቢልሃርዚያ ነው። ጥገኛው ትል በዳርቻው ሣርና ጭቃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ይራባል፤ ከእነሱ ወጥቶ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው እጭ የሰው ቆዳ ሲያገኝ በስቶ ይገባል፤ ከዚያ በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ይኖራል። ቁስል የለም፣ ሕመሙም ወዲያው አይታወቅም። ስለዚህም ነው ብዙ ሰው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሐኪም ቤት ሲሄድ ዋናውን የማያስታውሰው። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፤ ጣና የገባ ሰው ቢታመም ለሐኪሙ ይህንኑ ይንገር። ሁለተኛው ምክንያት ጉማሬ ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ማታ ለግጦሽ ይወጣል። ባለጀልባዎች ሊያሳዩን ሲጠጉ እንኳ ሞተራቸውን ዝግጁ አድርገው ነው።

መነጽርና ቱቦውስ? ጉዳዩ የሚያስቆጨው እዚህ ላይ ነው። ጣና ውስጥ በዓለም የትም የማይገኝ ነገር አለ። ነጭ አሣ የሚባለው፣ ሳይንሱ ላቤዮባርበስ የሚለው ዓሣ፣ እዚህ ሐይቅ ውስጥ ከአንድ ዘር ተነሥቶ ወደ 15 ዓይነት ተከፋፍሏል። እንዴት? በጥንት እሳተ ገሞራ የፈሰሰው ቅልጥ አለት ዓባይን ገድቦ ሐይቁን እንደሠራ የመሬት አጥኚዎች ይናገራሉ፤ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ደግሞ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ አለ። 40 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ያን ገደል ከታች መጥቶ የሚወጣ ዓሣ የለም። ሐይቁ ውስጥ የቀሩት ዓሦች ከውጭ ተቀናቃኝ ሳይመጣባቸው ባዶውን ቤት ተከፋፈሉት። አንዱ ቀንድ አውጣ የሚሰብር አፍ አበጀ፣ ሌላው ዕፅ በል ሆነ፣ ስምንቱ ዓሣ በል ሆኑ። ይህ የመጨረሻው ለተመራማሪዎች እንግዳ ነገር ነው፤ የዚህ ዓሣ ቤተሰብ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውምና። ማላዊ ሐይቅ ውስጥ ተመሳሳይ ታሪክ ያላቸው ዓሦች አሉ፤ እዚያ ውሃው ጥርት ያለ ስለሆነ ቱሪስቱ መነጽር አጥልቆ በዓይኑ ያያቸዋል፣ አካባቢውም በዚሁ ምክንያት በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የጣናዎቹን ሰው የሚያያቸው ሳህን ላይ ነው፤ እዚያም ቢሆን ከቀረሶና ከአምባዛ ጋር ተደባልቀው፣ ስማቸው ሳይጠራ።

ምክንያቱ የውሃው መደፍረስ ነው። እጅን ክንድ ድረስ ቢነክሩት ጣት በደንብ አይታይም። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በክረምት የሚያመጡት ከታረሰ ተዳፋት የታጠበ አፈር ነው፤ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ደግሞ ነፋስ በተነሣ ቁጥር የተቀመጠውን ደለል መልሶ ያነሣዋል። እነዚያው ወንዞች ለነጭ አሣ መራቢያ ናቸው፤ በርካታ ዓይነቶች በክረምት ወንዝ ወጥተው ጠጠር ላይ ይጥላሉ፣ በወንዙ አፍ የሚዘረጋ መረብም እየቀደመ ይለቅማቸዋል። ከ2004 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ እምቦጭ የሚባለው አረም በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ተነጠፈ፤ ሰዉ በእጁ እየነቀለ ሲታገለው በቴሌቪዥን ያየነው ነው። ከወንዞቹ የሚመጣው ማዳበሪያና አፈር ለእምቦጩ ምግብ እንደሆነ ሲታሰብ፣ እርሻ የከለከለው የዘጌ ሕግ ለሐይቁም ሳያስበው እንደበጀው ይገባል። ስለ ጣና መዳን የሚጻፈው ብዙው ነገር ስለ እምቦጭ ነው፤ ስለ ተዳፋቱ አፈር ቢሆን ይሻል ነበር።

በመመለሻው ጀልባው ብዙ ጊዜ ወደ ዓባይ መውጫ ይታጠፋል። እዚያ ከጉማሬው ሌላ የደንገል ታንኳ ይታያል። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል፤ ቀዛፊው ላዩ ላይ ተቀምጦ በረጅም ዘንግ ይቀዝፋል። ውሃ ስለሚጠጣ ዕድሜው አጭር ነው፤ ከውሃ አውጥቶ ማድረቅ ያስፈልጋል። ሙያው በተለይ የነገደ ወይጦ ነው፤ የወይጦ ሰዎች ከዚህ ሐይቅ ጋር ከማንም ይልቅ ተሳስረው የኖሩ፣ በድሮው ዘመን ጉማሬ አዳኞች የነበሩ ናቸው። ዘጌ ላይ የሚሸጡት ትንንሽ ታንኳዎች የዚሁ ምሳሌ ናቸው፤ ዋጋቸው ላይ መከራከር ነውር አይደለም። መውጫው ላይ ያለው የጨራ ጨራ መቆጣጠሪያ ወደ ዓባይ የሚለቀቀውን ውሃ ይወስናል፤ በሌላው በኩል ደግሞ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 460 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራው ጣና በለስ ከሐይቁ በዋሻ ውሃ ይወስዳል። ጢስ ዓባይን ለማየት ያሰበ ሰው ፏፏቴው በበጋ እንደ ሥዕሉ ሆኖ ባያገኘው አይገረም፤ ከነሐሴ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ይሻለዋል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ይህን ጉዞ ክፉኛ ጎድቶታል። ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱንና የሐይቁን ሁኔታ እዚያው ላለ ዘመድ ወይም ለሆቴልዎ ደውለው ይጠይቁ። ጀልባ ሲከራዩ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለሕፃናቱም ጭምር፣ ላይፍ ጃኬት መኖሩን ሳያዩ አይሣፈሩ። ዋና ለሚሹ ልጆች ላንጋኖ ይሻላል፤ መነጽርና ቱቦውን ግን ለጅቡቲ ያቆዩት።