የሃምሳ አለቃው ደብተር

ወታደር ከመተኮስ አስቀድሞ ማየትን ይማራል። ጥላን ከቁጥቋጦ፣ የነፋስን እንቅስቃሴ ከሰው እንቅስቃሴ የሚለይ ዓይን በአንድ ጀንበር አይገኝም፤ በልምምድና በትዕግሥት የሚገነባ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው የሠለጠነ ዓይን ከጥበቃ ተራ ሲወርድ ብዙ ጊዜ አብሮ ያርፋል። ለዓመታት በኖርንበት ሰፈር በየማለዳው የሚቀሰቅሱን ወፎች የትኞቹ ናቸው? በአጥሩ ሥር የበቀለው ቅጠልስ ለምን ይጠቅማል? ተብሎ ቢጠየቅ ፈጥኖ የሚመልስ ጥቂት ነው።

የዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን እንግዳ ግን መልስ አላቸው። በሰፈራችን በንብረት ክፍል የሚያገለግሉ አንድ ሃምሳ አለቃ ናቸው። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ጠየቁን በማዕረጋቸው ብቻ እንጠራቸዋለን። ስለ እንስሳትና ስለ ዕፅዋት በከፍተኛ ትምህርት ቤት አልተማሩም፤ መሣሪያቸው አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና የጥበቃ ሰው ዓይን ነው። በየገጹ አራት ዓምዶች አስምረዋል፦ ቀንና ሰዓት፣ ቦታ፣ የታየው ነገር፣ የአየሩ ሁኔታ። «ያላየሁትን አልጽፍም፤ የመሰለኝንም ካየሁት ጋር አልቀላቅልም» ይላሉ። ለማንኛውም የቅኝት ዘገባ የሚበቃ መመሪያ ነው።

ልብሱን የሚለውጥ ወፍ

ጠፍቶ ከርሞ በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ የሚልን ዘመድ ሕዝባችን «የመስቀል ወፍ» ይለዋል። ክረምቱ ሲወጣ፣ አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ ሲያለብሰው፣ ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ላባ የለበሱ ትናንሽ ወፎች በረጅሙ ሣር አናት ላይ ይታያሉ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ ይሰወራሉ። ወዴት ይሄዳሉ?

የሃምሳ አለቃው ደብተር እንደሚለው የትም አይሄዱም። በመስከረም ቀይ ወፎች በታዩበት ሣር ላይ በኅዳር ድንቢጥ የሚመስሉ ቡናማ ወፎች ተመዝግበዋል። ቦታው ያው ነው፤ የሚለቅሙት የሣር ዘርም ያው ነው። በመካከሉ ደግሞ ግማሹ ቀይ ግማሹ ቡናማ የሆነ አንድ ወንድ ወፍ ታይቷል። ነገሩ የተፈታው በዚህች አንዲት መስመር ነው። በዚህ ስም ከሚጠሩት ወፎች ብዙዎቹ ወንዶቹ በዝናቡ ወራት፣ በመራቢያቸው ጊዜ፣ የክብር ልብስ ይለብሳሉ፤ ወራቱ ሲያልፍ እንደ ሴቶቹ ቡናማ ይሆናሉ። ጠፋ የተባለው ወፍ ዓመቱን ሙሉ በተራ ልብሱ ከደጃችን አይርቅም ማለት ነው።

በእውነት የሚጓዝም አለ። በመስከረም ከኳስ ሜዳው ላይ ጭራዋን ሳታቋርጥ እያወዛወዘች የምትሮጥ ደረተ ቢጫ ወፍ ትመጣለች። ክብደቷ ሃያ ግራም አይሞላም፤ ነገር ግን ከአውሮፓና ከእስያ ተነሥታ፣ ባሕርና በረሃ አቋርጣ የመጣች ናት። በሚያዝያ ገደማ ወደ መጣችበት ትመለሳለች።

ባል ይሠራል፣ ሚስት ትመረምራለች

ከውኃው ማጠራቀሚያ አጠገብ ባለው ግራር ላይ የሸማኔ ወፎች መንደር አለ። ወንዱ የሣር ቅጠል በቀጭኑ እየሰነጠቀ፣ በአፉ እየቋጠረና እያሳለፈ፣ እንደ ቅል የተንጠለጠለ ጎጆ ይሠራል። ሲጨርስ ከመግቢያው ሥር ተገልብጦ ይንጠለጠልና ክንፉን እያራገበ ይጣራል። ሴቲቱ መጥታ ውስጡን ትመረምራለች፤ ከወደደችው ለስላሳ ሣርና ላባ አምጥታ ትደለድለዋለች፤ ካልወደደችው ትታው ትሄዳለች። ጎጆው ደርቆ ቡናማ እስኪሆን የምትቀበለው ካላገኘ፣ ወንዱ በገዛ አፉ ያፈርሰውና እንደ ገና ይጀምራል። ይህን ያነበብንላቸው የሃምሳ አለቃው ባለቤት፣ «የልጆቼ አባት ስለ ወፉ ከመጻፉ በፊት የወጥ ቤቱን ጣሪያ በጠገነ» ብለው አሥቀውናል። ጣሪያው በማግስቱ ተጠግኗል።

በጨለማ የሚጓዝ ጥንዚዛ

የሌሊት ጥበቃ ባልደረቦቻችን እበት ድቡልቡል አድርጎ ወደ ኋላው እየገፋ የሚያንከባልለውን ጥንዚዛ ያውቁታል። ጥንዚዛው ከሌሎች ቀማኞች ለማምለጥ ቀጥ ባለ መስመር መራቅ አለበት። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት መንገዱን በምን ያውቃል? የስዊድንና የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች በ2005 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ አንድ የዚህ ዓይነት አፍሪካዊ ጥንዚዛ አቅጣጫውን በፍኖተ ሐሊብ ብርሃን እንደሚጠብቅ አረጋግጠዋል። ሰማዩን እንዳያይ ግንባሩ ሲሸፈን መንገዱ ተጠማዘዘ። በኮከብ አቅጣጫ መያዝን የተማረ ወታደር ከእግሩ ሥር ባልደረባ እንዳለው ይወቅ።

የጥንብ አንሳዎቹ ጉዳይ

ከደብተሩ ሁሉ የከበደው ገጽ ግን ይህ ነው። ከወጥ ቤቱ በስተጀርባ ባለው ግራር ላይ የሚያድሩትን ትናንሽ ጥንብ አንሳዎች ሃምሳ አለቃው በየማለዳው ይቆጥሩ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሠላሳ አንድ የነበሩት በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ብቻ ሆነው ተገኙ። ሌሊት የሚረብሹ ውሾችን ለማስወገድ ተብሎ በመርዝ የተለወሰ ሥጋ ተጥሎ ነበር። ውሾቹ ሥጋውን በሉ፤ ጥንብ አንሳዎቹ ውሾቹን በሉ።

«እንኳን ጠፉ» ያለ ብዙ ነበር። ደብተሩ ግን መቁጠሩን ቀጠለ። ቀድሞ በአንድ ማለዳ ይጸዳ የነበረው የእርድ ትርፍራፊ እያደረ መሽተት ያዘ፤ ዝንቡ በዛ፤ የሞቱትን ውሾች ስፍራ ከአካባቢው የመጡ ሌሎች ውሾች ያዙት፤ በሦስት ወር ውስጥም ቁጥራቸው ከቀድሞው በለጠ። በመጨረሻ የአንድ ባልደረባችን የሰባት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተነከሰች። ቁስሏ ወዲያው በውኃና በሳሙና ታጥቦ ክትባቱን በጊዜ ስላገኘች ዛሬ በጤና ትማራለች። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ለማለት ስለሚያስደፍር፣ ወላጆቿ ያሳለፉትን ሌሊት መገመት ይቻላል።

ይህ በአንድ ሰፈር ብቻ የደረሰ አይደለም። በህንድ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሦስት የጥንብ አንሳ ዓይነቶች ከመቶ ዘጠና አምስት እጅ በላይ አለቁ። ምክንያቱ ለከብት ይሰጥ የነበረው ዲክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ መሆኑ በ2004 ታወቀ፤ ህንድም በ2006 መድኃኒቱን ለከብት ሕክምና እንዳይውል ከለከለች። በመካከሉ ግን ሜዳ ላይ የቀረው ጥንብ የባዘኑ ውሾችን አበዛ። በአፍሪካ ደግሞ ዋነኛው ጠላት መርዝ ነው። በሰፈራችን የምትታየው ትንሿ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መዝገብ ገብታለች። በአንድ የመራቢያ ወቅት የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ ሌሊት የጠፋው በብዙ ዓመት አይተካም።

ሃምሳ አለቃው ደብተራቸውን ይዘው ወደ አዛዡ ቀረቡ። ክርክር አላበዙም፤ ቀኖቹንና ቁጥሮቹን ብቻ አነበቡ። መርዝ መጣል ተከለከለ፤ የቆሻሻው ጉድጓድ መክደኛ ተሠራለት፤ የሰፈሩ ውሾች ተከተቡ። ባለፈው ሳምንት የተቆጠሩት ጥንብ አንሳዎች አሥራ አራት ናቸው።

ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ

ከሰው ዓይን የሚሰወር ነገር ሁልጊዜ ሩቅ አይደለም። እናቶቻችን በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ብዙ ትውልድ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በውኃው ላይ ተንሳፈው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያን ተሕዋስያን የሚያሳድጉ ነበሩ። ከዚያ እይታ ተነሥቶ እንዶድ ቀንድ አውጣውን በመግደል በሽታውን ለመከላከል እንደሚረዳ በምርምር ተረጋገጠ፤ እሳቸውና ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ወንዙም እንዶዱም አጣቢዎቹም ቀድሞ የነበሩ ናቸው፤ የተጨመረው «ለምን?» የሚል ጥያቄ ነው።

እንግዲህ ውድ የሠራዊቱ አባላትና ባለቤቶቻቸው፣ አንድ ደብተር ግዙና አራቱን ዓምዶች አስምሩ። የቅጠሎችን ስም እናቶችን ጠይቃችሁ ጻፉ። የልጆችን ወንጭፍ ከጎጆዎቹ አርቁ፤ በወንጭፉ ምትክ እርሳስ ስጧቸው። የሞተ ወፍ ስታገኙ በእጅ ሳትነኩ ቦታውንና ሰዓቱን መዝግባችሁ ለእንስሳት ሐኪም አስታውቁ። መርዝ የሚጥል ስታዩም ዝም አትበሉ፤ በሥጋው ላይ የሚነሰነሰው መርዝ ወዴት እንደሚደርስ የሃምሳ አለቃው ደብተር በቁጥር አሳይቶናል።