ያረጀ ባስ ጊታርን በቤት ስለ ማደስና ስለ መቀባት፤ በጎባ፣ በሮቤና በባሌ ደጋ

ስለ አገራችን የሙዚቃ መሣሪያዎች በተነገረ ቁጥር በልማድ የሚታሰቡት በገና፣ ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ ናቸው። ከውጭ አገር ፋብሪካ የመጣና በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሰማ ጊታር የሕዝብን ባሕል ለሚያጠና ሰው ጉዳይ መስሎ አይታይም። ይሁን እንጂ አንድ ዕቃ ወደ አገር ገብቶ ብዙ ዘመን ከኖረ፣ የአገሩ ሰው ከተጫወተበት፣ በተሰበረም ጊዜ የአገሩ አናጢና የአገሩ መካኒክ ከጠገኑት፣ የተሠራበት አገር ዕቃ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ ባስ ጊታር በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚታደስና እንደሚቀባ ያስረዳል፤ ከዚህም ጋር እድሳቱ ራሱ ምን ሊያጠፋ እንደሚችል ያመለክታል። ፍሬ ነገሩም ይህ ነው፦ መሣሪያውን ወደ ሥራ ለመመለስ ሲታሰብ አዲስ ቀለም ከጉዳዮች ሁሉ የመጨረሻው ነው፤ አሮጌው ቀለም ግን ከሁሉ አስቀድሞ መመርመር የሚገባው ሰነድ ነው።

ሀ) ስለ መሣሪያው አመጣጥ

ባስ ጊታር ዛሬ በምናውቀው መልኩ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1951 ሲሆን፣ የሠራውም በአሜሪካ በካሊፎርንያ ይኖር የነበረው ሊዮ ፌንደር ነው። ከዚያ በፊት በሙዚቃ ጓድ ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚሰጠው ቁሞ የሚመታው ትልቁ ኮንትራባስ ነበር። አዲሱ መሣሪያ ግን ገላው ድፍን እንጨት፣ ክሮቹ አራት፣ የክሩም ርዝመት 86.4 ሴንቲ ሜትር ሆኖ፣ በትከሻ ተንጠልጥሎ የሚያዝ ነበር። ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ይህም ከተራው ጊታር ወፍራም ክር በእጥፍ የዘገየ ነው።

በአገራችን የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች፣ በኋላም በአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች በነበሩ ባንዶች እየተለመዱ መጡ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ማሕሙድ አሕመድን ያጅብ በነበረው አይቤክስ ባንድ ውስጥ ባስ ጊታር ይጫወት የነበረው ጆቫኒ ሪኮ ስሙ ከሚታወቁት አንዱ ነው። ከ1967 ዓ.ም. በኋላም እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ በየክፍለ ሀገሩና በየከተማው የኪነት ቡድኖች በመቋቋማቸው፣ የባንድ መሣሪያ ከዋና ከተማው ውጭም ተስፋፋ። ጎባ በዚያን ጊዜ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። እንግዲህ በጎባ ወይም በሮቤ ባለ አንድ ቤት ቀለሙ የተላጠ ባስ ጊታር ቢገኝ፣ ተመራማሪው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ሳይሆን «በማን እጅ ኖረ? ምን ዘፈን ተዘፈነበት? በምን ቋንቋ?» ብሎ ነው።

ለ) በገናና ባስ ጊታር

እድሳት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ከአገራችን ክር መሣሪያዎች ወፍራሙን ድምፅ የያዘው በገና ሲሆን፣ ባለ በገናው ከክፍሎቹ የትኛው እንደሚለወጥና የትኛው እንደሚጠበቅ ያውቃል። ከበግ አንጀት የሚሠሩት አሥሩ አውታሮች ያልቃሉ፤ በየአውታሩ ሥር ገብቶ ድምፁን የሚያስነዝረው እንዚራ የተባለው ቁራጭ ቆዳም ይለወጣል፤ ገበቴውን የሸፈነው ቆዳ ቢቀደድ እንደ ገና ይለበጣል። ምሰሶዎቹ፣ ቀንበሩና ገበቴው ግን እንጨት ስለ ሆኑ ከአባት ወደ ልጅ ሊተላለፉ ይችላሉ። በበገና ድምፁን የሚሰጠው የተወጠረው ቆዳ በመሆኑ፣ ቆዳውን በወፍራም ቀለም መሸፈን ድምፁን ማፈን ነው።

በባስ ጊታር ነገሩ ሌላ ነው። ክሩ ሲርገበገብ፣ ከሥሩ ባለው ማግኔት ዙሪያ በተጠመጠመው ቀጭን የመዳብ ሽቦ ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል፤ ይህም ሞገድ በማጉያው ጎልቶ ይሰማል። ገላው ድፍን እንጨት ስለ ሆነ ቀለሙ ቢለወጥ በድምፁ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ጥቂት ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ያለ ሥጋት ይቀባዋል። አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ቀለሙ ድምፁን ስለማይጎዳ ምንም የጠፋ ነገር ያለ አይመስልምና።

ሐ) ሳይፈታ በፊት የሚደረግ ምርመራ

አሮጌ ባስ ጊታር የተጫወተበትን ሰው ልማድ በገላው ላይ ይዞ ይገኛል። ከጀርባው ያለው ክብ ጭረት የተጫዋቹ የቀበቶ ዘለበት ምልክት ነው፤ ከዚህም መሣሪያውን ዝቅ አድርጎ ወይም ከፍ አድርጎ ይይዝ እንደ ነበር ይታወቃል። ከድምፅ ለቃሚው አጠገብ ያለቀው ቀለም አውራ ጣቱ ያርፍበት የነበረውን ቦታ ያሳያል። የተቀረጸ ስም፣ የተለጠፈ ወረቀት፣ የንብረት ቁጥር፣ ከአንዱ ቀለም በታች የሚታይ ሌላ ቀለም፣ እነዚህ ሁሉ በጽሑፍ ካልተያዙ በብርጭቆ ወረቀት አንድ ጊዜ ከተፋቁ በኋላ የሚመለሱ አይደሉም።

ስለ ሆነም ካቻቢቴ ከመነሣቱ በፊት የፊቱ፣ የጀርባው፣ የጎኑና የራሱ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ልኩ ይመዝገብ፤ ባለቤቱ ስለ መሣሪያው የሚናገረው በራሱ ቃል ይጻፍ። በባሌ አብዛኛው ሕዝብ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ስለ ሆነ፣ የክፍሎቹና የሥራው ስም በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም መያዝ ይገባዋል። በመሣሪያው ላይ የግል ሰው ስም ቢገኝ ይመዝገብ እንጂ ያለ ፈቃድ አይታተም።

የሥራ ዕቃዎቹም ስም ራሱ ታሪክ ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ስቱኮ፣ ስታኞ፣ ኮላ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ ወደ ጋራዣችንና ወደ አናጢ ቤታችን የገቡ ናቸው። እንግዲህ በአሜሪካ የታሰበ መሣሪያ፣ ከጣልያን በተወረሱ ቃላት፣ በባሌ ደጋ ይጠገናል ማለት ነው።

መ) ስለ አንገቱና ስለ እንጨቱ

አራቱ ክሮች በተወጠሩ ጊዜ አንገቱን የሚስቡት በድምሩ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ግራም በሚደርስ ኃይል ነው። ይህን ለመቋቋም በአንገቱ ውስጥ አንድ የብረት ዘንግ ተቀብሯል። ገላው ያማረ ሆኖ አንገቱ ከተጣመመ መሣሪያው ግድግዳ ላይ ከመሰቀል በቀር ለምንም አይሆንም፤ ስለዚህ ለቀለም ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት አንገቱ ይመርመር። ክሩን በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭኖ፣ በ7ኛው ወይም በ8ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት መመልከት ነው። ክፍተቱ ከ0.3 ሚሊ ሜትር ያልራቀ እንደ ሆነ መልካም ነው። ብዙ ከሆነ አንገቱ ወደ ፊት ጎብጧልና ዘንጉ በጥቂቱ ይጠብቃል፤ ጭራሽ ክፍተት ከሌለ ይላላል። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ ማዞር አይገባም፤ እንጨቱም አዲሱን ልክ እንዲይዝ እስከ ማግሥቱ ይጠበቃል።

በዚህ ረገድ የባሌ የአየር ጠባይ ትልቅ ቦታ አለው። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ 14 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጎባም ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ ከጎባ በላይ ያለው የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍም 4,377 ሜትር ነው። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበረታል፤ አንዱ ከመጋቢት ጀምሮ ባሉት ወራት፣ ሁለተኛው ከክረምቱ እስከ ጥቅምት ድረስ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ወራት ደረቅ ሆኖ ሌሊቱ ብርቱ ቅዝቃዜ አለው። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ይህም ለውጥ በቁመቱ ሳይሆን በአግድሙ ይበዛል። ቀለሙ የተላጠ ገላም ከተሸፈነው ይልቅ ፈጥኖ ይጠጣል። ስለዚህ በባሌ ደጋ መቀባት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ እንጨቱን ለመጠበቅ ነው። የአንገቱም ልክ በየወቅቱ መለወጫ እንደ ገና መታየት አለበት።

ገላው ተሰንጥቆ ወይም ቁራጭ ጎድሎት ቢገኝ፣ ስንጥቁ በእንጨት ኮላ ተሞልቶ በሞርሳ ይታሰራል፤ የጎደለውም አናጢዎች በሚያውቁት በደረቀ ዋንዛ ይተካል። እርጥብ እንጨት ቆይቶ ስለሚሰበሰብ ለዚህ አይበጅም። ለዚህች ጥቂት ሥራ ከአናጢ ቤት የተረፈ ቁራጭ ይበቃል እንጂ፣ ስለ አንድ ጊታር ከሐረና ጫካ ዛፍ አይቆረጥም።

ሠ) ስለ ቀለሙ

በመጀመሪያ ክሮቹ ቀስ በቀስ ይላላሉ፤ ቀጥሎ አንገቱ፣ መቃኛዎቹ፣ የክሮቹ ማረፊያ ብረትና ድምፅ ለቃሚው ይፈታሉ። እያንዳንዱ ብሎን ከየት እንደ ተፈታ ተጽፎ በየፖስታው ይቀመጥ። በአንገቱ ተረከዝ ላይ፣ ገላው ውስጥ በሚገባበት በኩል፣ የተሠራበት ቀን በእርሳስ ተጽፎ ወይም በማኅተም ታትሞ የሚገኝባቸው መሣሪያዎች ስላሉ ይህ ቦታ በጥንቃቄ ይታይ፤ ፈጽሞም አይፋቅ።

አሮጌው ቀለም ምን ዓይነት እንደ ሆነ ለማወቅ፣ በማይታይ ቦታ አንድ ጠብታ ቲነር ይደረግበታል። ቀለሙ ከለሰለሰ ናይትሮ የተባለው ዓይነት ነው፤ ካልተነካ ግን ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የተስፋፋው ፖሊኤስተር ሊሆን ይችላል። ፖሊኤስተርን እስከ እንጨቱ መፋቅ ብዙ ድካም ነው፤ ጠንካራ ሆኖ ከተገኘም ፊቱን ብቻ አሻክሮ በላዩ መቀባት ይሻላል። በአሮጌ ቀለም ውስጥ ሰውን የሚጎዳ እርሳስ የተባለው ማዕድን ሊኖር ስለሚችል፣ የተቀባው ክፍል በውሃ እየረጠበ ይፋቅ፤ አፍና አፍንጫ ይሸፈን፤ ሕፃናትም ይራቁ። የተራቆተውን እንጨት ግን ውሃ እንዲጠጣ ማድረግ አይገባም። ቲነርም እሳት ፈጥኖ የሚይዘው ስለ ሆነ፣ የከሰል ማንደጃ ባለበት ቤት ክዳኑ አይከፈት።

ገላው በቁጥር 120፣ ቀጥሎ በ240፣ በመጨረሻም በ400 ብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ይለሰልሳል፤ ቀዳዳው በስቱኮ ይደፈናል። በምድጃ ጢስ የኖረ መሣሪያ ጥላሸትና ቅባት ስለሚይዝ፣ ይህ አስቀድሞ ካልጸዳ አዲሱ ቀለም አይዝም። ቀለሙ በስስ በስሱ ይደራረብ፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይጨመር። ወፍራም ቀለም ከላይ ደርቆ ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ቆይቶም ይሸበሸባል። አየሩ እርጥብ ሲሆን በናይትሮ ቀለም ላይ ነጭ ጭጋግ ይታያል። ስለዚህ በጎባና በሮቤ የተሻለው ጊዜ ታኅሣሥና ጥር ነው፤ ከቀኑም ውርጩ ከለቀቀ በኋላ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ያለው ይመረጣል። ማታ ከውርጭ ለመጠበቅ ወደ ቤት ይግባ እንጂ ከእሳት አጠገብ አይቀመጥ።

የማይቀቡ ቦታዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው አንገቱ ገላው ውስጥ የሚገባበት ጎድጓዳ ነው፤ ቀለም ከጨመረ አንገቱ በልኩ አይገባምና። ሁለተኛው ጣት የሚያርፍበት የአንገቱ ፊት ነው። ሦስተኛው ከፊት ሽፋኑ በታች የሚገኝ አንድ ቁራጭ ቦታ ሲሆን፣ ይህ አሮጌው ቀለም እንዳለ የሚተውበት የምስክር ቦታ ነው። ሽፋኑ ሲመለስ ለዓይን አይታይም፤ ወደ ፊት ለሚመረምር ሰው ግን የቀድሞው መልክ ተጠብቆ ይገኛል።

ቀለሙ ከደረቀ በኋላ የተቆረጡ ሽቦዎች በስታኞ ይያያዛሉ፤ ከክሮቹ ማረፊያ ብረት ወደ ውስጥ የሚሄደው ሽቦ ከተቆረጠ መሣሪያው ይጮኻልና አይዘንጋ። ብሎኖቹ ጥቂት ሰም ተቀብተው በቀድሞ ቀዳዳቸው ይመለሳሉ።

ረ) ማጠቃለያ

መሣሪያን ሳይነኩ ማስቀመጥ የሙዚየም ሥራ ነው፤ መጫወት ግን የባለቤቱ መብት ነው። የሮቤ ወይም የጎባ ወጣት ከታላቁ የተረፈውን ባስ ጊታር ቀብቶ ሊጫወትበት ቢፈልግ፣ አሮጌ ይሁንልን ብሎ የሚከለክለው ተመራማሪ የሙዚቃውን ሕይወት ለዕቃው ይሠዋል። ያለ ምርመራ የሚቀባውም የታላቁን የእጅ ምልክት ለአንድ ቀን ውበት ይሠዋል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ውድ አይደለም፤ ጥቂት ፎቶግራፍ፣ አንድ ገጽ ጽሑፍና ከሽፋኑ በታች ሳይቀባ የሚተው የመዳፍ ያህል ቦታ ይበቃሉ። ስለ በገናና ስለ ክራር ብዙ ተጽፏል፤ በየከተማው ስለ ኖሩት የኪነት ቡድኖች መሣሪያዎች ግን ምስክሩ በአብዛኛው በመሣሪያዎቹ ገላ ላይ ያለው ቀለም ራሱ ነው። በሮቤ ያለው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ይህን ምዝገባ በቅርባቸው ቢጀምሩት፣ ብርጭቆ ወረቀቱ ሳይቀድማቸው ይደርሳሉ።