ሸክላው ከመዞሩ በፊት መርፌው ይታይ

በዓል ሲደርስ ቤት ይጠረጋል፣ ቁም ሣጥን ይፈተሻል። ከአናቱም የአባት ወይም የአያት ሸክላ ማጫወቻ ይወርዳል። ልጆች አቧራውን ጠረግ ያደርጉና «እስኪ እንሞክረው» ይላሉ። ለወላጆች የማቀርበው ልመና እዚህ ላይ ነው፦ እባካችሁ ሸክላ አታስቀምጡበት። ማጫወቻ ቢበላሽ ይጠገናል፤ ባለቀ መርፌ የተቦጨቀ ሸክላ ግን ተመልሶ አይድንም።

የእኛው ማጫወቻ ሻንጣ ይመስላል። ክዳኑ ራሱ ድምፅ ማውጫው ነው። አባቴ ደባት ያስተምር በነበረበት ጊዜ የገዛው ነው። በነበሩበት ሰፈር መብራት ስላልነበረ የሚሠራው በስድስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኙ እንቅልፍ እንደ ያዘው ድምፁ እየወፈረ ይጎተታል። ያን ጊዜ ድንጋዮቹ ወጥተው ፀሐይ ላይ ይሰጣሉ፤ ማታ ደግሞ ጥቂት ያዘፍናሉ። እናቴ ዛሬ 81 ዓመቷ ነው፤ ጆሮዋም እየከበደ ሄዷል። ልጆቼ ዘፈኖቹን በስልክ አውጥተው ሲያሰሟት «እሱስ ደግ ነው፤ የእኔ ግን ይሄ አይደለም» አለች። የጥገናው ነገር በዚሁ ተጀመረ።

ስለ ሸክላዎቹ ጥቂት ልበል። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ትንንሾቹ ሸክላዎች አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1949 ወጡ። በዓመቱ ጁክቦክስ ውስጥ ገቡ፤ ያ ሳንቲም ሲጥሉበት የመረጡትን ዘፈን የሚያሰማው የቡና ቤት ሣጥን ማለቴ ነው። በእኛ አገር ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ በነበረበት ዘመን፣ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ አገር አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1975 ከአገር እስኪወጣ ድረስ ከ100 በላይ ባለ 45 ሸክላዎችን አውጥቷል። ከዚያ ካሴት መጣና የሸክላ ዘመን አበቃ። በፈረንሳይ የወጡት የ«ኢትዮፒክስ» ሲዲዎች ብዙዎቹን ዘፈኖች ቢያተርፉልንም፣ ቤታችሁ ያለው ሸክላ ግን ምትክ ላይገኝለት ይችላል።

ወደ ሥራው ልግባ። የባትሪው ማስቀመጫ በፈሰሰ ድንጋይ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ነበር። የ13 ዓመቱ ልጄ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ አነጣው። ስድስት ድንጋይ በ1.5 ቮልት ሲባዛ 9 ቮልት ስለሚሆን፣ አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ የ9 ቮልት አዳፕተር ገጠመልን። ልጅ ይህን ቢነካካ አያሰጋም። ማጫወቻችሁ በቀጥታ 220 ቮልት የሚሰካ ከሆነ ግን ለባለሙያ ስጡት፤ ከተነቀለ በኋላ እንኳ ካፓሲተሩ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ቀጥሎ ሳህኑን የምታዞረው ጎማ ነበረች። ደርቃ ስለምትንሸራተት ዘፈኑ ይወዛወዛል። ጠርዟን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አድርገን በአልኮል ወለወልናት። የረጋውን ግራሶ አጽድተን መሽከርከሪያው ላይ ሁለት ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጣል አደረግን። ጎማዋን ግን ዘይት እንዳይነካት! ፍጥነቱን ለመለካት ሳህኑ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፈን ሰዓት ያዝን። ልጄ በመጀመሪያው ቀን 41 ቆጠረ፤ በሦስተኛው 45።

የመርፌው ጉዳይ ረጅም ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ጠጠር ሰንፔር ከሆነች ከጥቂት አሥር ሰዓታት በኋላ ትበላለች፤ አልማዝ ብዙ መቶ ሰዓት ትቆያለች። አንዳንዱ መርፌ ሁለት ፊት አለው። ወፍራሙ በደቂቃ 78 ለሚዞሩት ለጥንቶቹ ነው፤ በእሱ ባለ 45ቱን ማጫወት ሸክላውን ማረስ ነው። ጎንደር ውስጥ አራዳንም ቅዳሜ ገበያንም ዞርኩ፤ አላገኘሁም። 700 ኪሎ ሜትር አልፎ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ምን አለሽ ተራ የዘለቀ የአክስቴ ልጅም ባዶ እጁን መጣ፤ ያገኛቸው ሁሉ ያገለገሉ ነበሩ። ያገለገለ መርፌ በነፃ ቢሰጣችሁም አትውሰዱ። በመጨረሻ መርፌው የተሰካበትን ክፍል፣ ቁጥሩ እንዲታይ አድርገን ፎቶ አንሥተን ውጭ አገር ላለች እህቴ ላክን። ከጥፍር የምታንስ ዕቃ ስለሆነች ወደ ጎንደር የሚመጣ ዘመድ በኪሱ ይዟት መጣ። ሁለት ነው ያስገዛሁት።

መርፌዋ እስክትደርስ ሸክላዎቹን አጠብን። ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፤ መሐሉ ያለው ወረቀት ሳይነካ፣ በመስመሮቹ አቅጣጫ። ከዚያ በጥላ ማድረቅ። ፀሐይ ለባትሪ ድንጋዩ ቢሆንም ለሸክላው አይሆንም፤ ያጣምመዋል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች። ዘፈኑ ጀመረ፤ መሐል ላይ ሲደርስ ተነክሶ አንዷን ቃል ይደጋግም ጀመር። ልጄ ሊያጠፋው ሲነሣ «ተው፣ ተው!» አለችው። «እዚህ ጋ ሁሌም ትነክሳለች። በጣትህ ቀስ ብለህ አሻግራት፤ አያትህ እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት።»

መርፌን በጣት መግፋት ለሸክላ ጥሩ አይደለም። ዝም አልኩ።