ከሲሊንደር እስከ ጄኔሬተር

በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲ፣ በሰሚትና በአያት ቪላዎች ግቢ የሚታየው መጠባበቂያ ጄኔሬተር በአብዛኛው ናፍጣ ወይም ቤንዚን የሚጠጣ ነው። በጋዝ የሚሠራ ሞተር ጭሱ የጠራ፣ ነዳጁም እንደ ቤንዚን በመቀመጥ ብዛት የማይበላሽ በመሆኑ ሊመረጥ ቢችልም፣ በአዲስ አበባ እንደ ውኃ ከመንገድ ሥር መጥቶ በቆጣሪ የሚገባ የጋዝ መስመር ስለሌለ፣ ነዳጁ የሚገኘው ለማድቤት ከሚገዛው የቡታ ጋዝ ሲሊንደር ነው። ስለዚህ ጋዙን የማከማቸት፣ ግፊቱን የመመጠንና ለሞተሩ የማድረስ ኃላፊነት የሚወድቀው በቤቱ ባለቤት ላይ ነው።

ቡታ ጋዝ ነጭ ጋዝ ከሚባለው ላምባ የተለየ ነዳጅ ሲሆን፣ ፕሮፔንና ቡቴን የተባሉ ጋዞች በግፊት ፈሳሽ ሆነው በሲሊንደር የታሸጉበት ነው። 5 ኪሎዋት የሚያመነጭ ጄኔሬተር ሙሉ ጭነት ሲሸከም፣ ከነዳጁ ኃይል ሩብ ያህሉን ብቻ ወደ ኤሌክትሪክ እንደሚቀይር ቢታሰብ፣ በሰዓት 1.5 ኪሎ ግራም ገደማ ጋዝ ይፈጃል፤ 12 ኪሎ የያዘ ሲሊንደርም በ8 ሰዓት ውስጥ ያልቃል ማለት ነው። ይሁንና ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ጋዙ ከማለቁ በፊት ነው። ፈሳሹ ወደ ጋዝነት የሚለወጠው ከሲሊንደሩ ግድግዳና ከአካባቢው አየር ሙቀት እየወሰደ በመሆኑ፣ በፍጥነት ሲሳብ ሲሊንደሩ ይቀዘቅዛል፣ ላዩ ያልበዋል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ሞተሩም ሲሊንደሩ ገና ሳይጎድል ጉልበት ያጣል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ደግሞ ይህ ይብሳል። መፍትሔው ብዙ ሲሊንደሮችን ከአንድ የጋራ ቧንቧ ጋር በማያያዝ እያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት እንዲሰጥ ማድረግ ነው።

ከሲሊንደሩ የሚወጣው ግፊት ሞተሩ ከሚፈልገው እጅግ ስለሚበልጥ፣ በመካከል ሬጉሌተር የተባለ የግፊት መቀነሻ ይገባል፤ ለምድጃ የተመጠነው ሬጉሌተር ግን የጄኔሬተርን ፍጆታ ላይችል ይችላል። ቧንቧው በረዘመና በጠበበ፣ ክርኖቹም በበዙ መጠን ጋዙ በመንገድ ላይ ግፊት ስለሚያጣ፣ ውፍረቱ የሚመረጠው በመስመሩ ርዝመትና በሙሉ ጭነት ፍጆታ ተሰልቶ ነው። ዋናው መስመር የብረት ወይም የመዳብ ቱቦ ሲሆን፣ የሞተሩ ንዝረት መገጣጠሚያዎችን እንዳያላላ መጨረሻው ላይ ለጋዝ የተሠራ አጭር ተጣጣፊ ቱቦ፣ ከእርሱ በፊትም በእጅ የሚዘጋ ቫልቭ ይገጠማል።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኑ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በዚህም ምክንያት አየር በግፊት የሚሞላለት ቱርቦ የሌለው ሞተር ከተጻፈበት ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ጄኔሬተር ሲገዛም ሆነ ጭነቱ ሲሰላ ይህ ታሳቢ መሆን አለበት።

ቡታ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ፣ ያፈተለከው በአጥር በተከበበ ግቢ መሬት ለመሬት ሄዶ በማንሆል፣ በከርሰ ምድር የውኃ ማጠራቀሚያና በምድር ቤት ይተኛል። ስለዚህ ሲሊንደሮቹ ከእነዚህ ርቀው፣ ከቤት ውጭ ቆመው ይቀመጣሉ፤ መስመሩም ጋዝ ከመግባቱ በፊት በአየር ተሞልቶ፣ የግፊት መለኪያው መውረድ አለመውረዱ ይታያል፣ መገጣጠሚያዎቹም በሳሙና አረፋ ይፈተሻሉ፤ በክብሪት መፈተሽ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሲያፈተልክ እንዲታወቅ ሽታ ከሚጨመርበት ጋዝ በተለየ፣ በሞተሩ ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ በመሆኑ፣ ጄኔሬተር በሰርቪስ ቤት ውስጥ ወይም በመስኮት ሥር አይተከልም።

በሶማሌ ክልል በካሉብ በ1960ዎቹ ዓ.ም. የተገኘው የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያ ምዕራፍ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ተመርቋል። ይህ ጋዝ አንድ ቀን ቦሌ ቢደርስ እንኳ ለቡታ ጋዝ የተሠራው መስመር እንዳለ አይቀበለውም። ዋናው ይዘቱ ሜቴን ስለሆነ የሞተሩ ጋዝ ማስገቢያ እንደገና ይመጠናል፤ ሜቴን ከአየር የሚቀልና ወደ ላይ የሚወጣ በመሆኑም፣ መስመሩ የሚያልፍበት ክፍል ካለና ለቡታ ጋዝ ተብሎ ከወለሉ አጠገብ የአየር መውጫ ተከፍቶለት ከሆነ፣ ያን ጊዜ መውጫው ከጣሪያው ሥር መከፈት ይኖርበታል።