አንዲት ጎንደር፣ ሁለት ገጽ

በግል ዊኪያችን «ጎንደር» የሚል ገጽ ከፍተን ስለ ከተማዪቱ ብዙ ጻፍን እንበል። ከወር በኋላ ስለ ፋሲል ግንብ በሌላ ገጽ ስንጽፍ «ጐንደር» የሚለውን ቃል ከቀደመው ገጽ ጋር ልናያይዝ እንሞክራለን። ዊኪው ግን እንዲህ ያለ ገጽ እንደሌለ ነግሮን አዲስ ባዶ ገጽ ይከፍትልናል። ጆሯችን አንድ ያላትን ከተማ ኮምፒዩተሩ ሁለት አደረጋት።

ዊኪ ማንበብና ማረም በአንድ ቦታ የሚከናወኑበት፣ ገጾቹም በማያያዣ የተሳሰሩ የድረ ገጽ ዓይነት ነው። የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ ያቀረበው አሜሪካዊው የፕሮግራም ባለሙያ ዋርድ ከኒንግሃም ሲሆን፣ ስሙን የወሰደው በሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ ከሚመላለሰው «ዊኪ ዊኪ» አውቶቡስ ነው፤ ቃሉ በሃዋይኛ «ፈጣን» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ዊኪፔዲያ ተከተለ። የአማርኛው ዊኪፔዲያ 15 ሺህ ያህል መጣጥፎች ሲኖሩት የእንግሊዝኛው ከ7 ሚሊዮን አልፏል። የግል ዊኪ ግን ከእነዚህ ይለያል፤ ባለቤቱ ብቻ የሚያርመው፣ ሌላው የሚያነበው የተሳሰረ ማስታወሻ ነው። አንድ የሥነ ሕይወት ተማሪ ስለ ዋልያ፣ ስለ ጭላዳና ስለ ጅብራ ለየብቻ ጽፎ ሦስቱን ከሚኖሩበት ደጋ ገጽ ጋር ቢያያይዝ፣ በደብተር ተበታትኖ የሚቀረው ነገር አንድ አካል ይሆንለታል። ማያያዣው ከተበጠሰ ግን የቀረው ተራ ደብተር ነው።

ታዲያ ማያያዣው ለምን ይበጠሳል? የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ሲካተት ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጠው። የ«ጎ» ቁጥር 4878፣ የ«ጐ» ደግሞ 4880 ነው። ኮምፒዩተሩ ድምፅ አይሰማም፤ የሚያነጻጽረው ቁጥርን ከቁጥር ጋር ነው። በጣሪያው ላይ በተሣሉት የመላእክት ፊቶች የታወቀውን የጎንደሩን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ስም እንውሰድና እናስላ። «ሃ»ን በአማርኛ ንባብ ሳይለወጥ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ብለን በስድስት መንገድ መጻፍ እንችላለን። «ሥ»ን በሁለት፣ «ሴ»ንም በሁለት። 6 ሲባዛ በ2፣ እንደገና ሲባዛ በ2፣ 24 ይሆናል። ከእነዚህ መካከል ወደ ገጻችን የሚያደርሰው አንዱ ብቻ ነው፤ 23ቱ ባዶ ገጽ ይከፍታሉ።

ለዚህ ቀላል መስሎ የሚታይ መፍትሔ አለ። ፕሮግራሙ ከመፈለጉ በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ እንዲለውጥ ማዘዝ ይቻላል። ችግሩ ጎንደር የትርጓሜ ሊቃውንት አገር መሆኗ ነው! «ድኅነት» መዳን ነው፤ «ድህነት» ማጣት ነው። «ሰአለ» ለመነ፣ «ሠዐለ» ግን ሥዕል ሣለ ማለት ነው። ሆሄያቱን አንድ ብናደርጋቸው የለማኙና የሠዓሊው ገጽ ይደባለቃል። ስለዚህ እኛ የምንመርጠው አድካሚውን መንገድ ነው፤ ሰው ሊጽፋቸው ለሚችላቸው ለተለመዱት አጻጻፎች ወደ ዋናው ገጽ የሚመሩ ጠቋሚ ገጾችን በእጅ መፍጠር። ሃያ ሦስቱንም ማዘጋጀት አያስፈልግም፤ ሦስት ወይም አራት ይበቃሉ።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። ተራሮቹን አንዳንዱ «ስሜን» ሌላው «ሰሜን» ብሎ ይጽፋቸዋል፤ «ሰሜን» ደግሞ የአቅጣጫ ስም ነው። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው መጋጠሚያ ገጽ ነው፤ አንባቢው አቅጣጫውን ይሁን ተራራውን እንደሚፈልግ የሚመርጥበት።

ፊደሉ ተስተካክሎም ጥገናው አያልቅም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ከዝርዝሩ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 «ፓርኩ አደጋ ላይ ነው» ብሎ የጻፈ ተማሪ ያን ጊዜ አልተሳሳተም። ገጹን ሳይነካው ግን በዓመቱ ስሕተተኛ ሆነ። «እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ አንባቢው ቢያንስ የወሬውን ዕድሜ ያውቅ ነበር።

በመጨረሻ ዊኪው የት ይቀመጥ? እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ጽሑፉን በሩቅ አገልጋይ ኮምፒዩተር ብቻ ያስቀመጠና ሌላ መስመር የሌለው ሰው የገዛ ማስታወሻውን ማየት አይችልም ነበር። ጄረሚ ራስተን እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ቲድሊዊኪ ለዚህ ይስማማል፤ መላው ዊኪ፣ ገጹም ማረሚያውም፣ በአንድ ፋይል ውስጥ ነው። ያለ መስመር በማንኛውም መቃኛ ይከፈታል፣ በፍላሽ ይዞራል፣ መስመር ሲገኝ ወደ ድረ ገጽ ይጫናል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለው፤ ቤት ያለውንና ዶርም ያለውን ቅጂ ለየብቻ ካረምን በኋላ የተጫነው የቀደመውን ይውጠዋል። ከእያንዳንዱ እርማት በኋላ ቀኑን በፋይሉ ስም ላይ መጻፍ፣ የቆየውንም ቅጂ ወዲያው አለመደምሰስ ይበጃል።